እምቢ ትላለች ብሎ የሰጠ ሰው

አንድ ገበሬ ነበረ፤ በዕድሜው ከሰው ቀድሞ በር ገብቶ የማያውቅ።

ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቆማል፤ ነጠላውን አጣፍቶ «ይቅደሙ» ይላል። ሽማግሌ ቢመጣ ይቅደሙ፣ ጎረምሳ ቢመጣ ይቅደሙ፣ ባልቴት ብትመጣ ይቅደሙ። ክረምት ላይ ዶፍ እየወረደ እንኳ በሩን ይዞ ያሳልፍ ነበር። የሚያልፈውም ሁሉ «አይ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሳይል አይገባምና፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ነጠላው እስኪጨመቅ ይበሰብሳል። ቢሆንም የሚናገረው ሰው አልነበረም። ትሑት ሰውን ማን ደፍሮ ይቆጣል?

ዝክር ሲጠራማ ሌላ ነው። ገና በር ላይ ብቅ ሲል ቤቱ ሙሉ «ኖር» ብሎ ይነሣል። እሱ «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እበሩ ሥር ጫማ የተከመረበት ቦታ ላይ ኩርምት ይላል። የቤቱ ጌታ ይመጣል።

«ኧረ ምን ሲደረግ፤ ወደ ላይ ከፍ በል።»

«እዚህ ይበቃኛል።»

«በሞቴ።»

«ግድ የለም፣ እዚሁ ይመቸኛል።»

አንዱ በክንዱ ይይዘዋል፤ አንዱ በነጠላው ጫፍ ይስበዋል። እግሩን እያንቀረፈፈ፣ እየተጎተተ፣ ከቄሱ ጎን ሄዶ ይቀመጣል። ይኼ በየወሩ ነው። እግሩ በግድ የሚሄድ ይመስላል እንጂ መንገዱን ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። አንድም ቀን ሳይጎተት ቀርቶ፣ እዚያ ጫማ መሃል ተቀምጦ በልቶ አያውቅም። አገሩ «አያ ይቅደሙ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙን ወደዳት።

ውሸታም ነበር አልልም። ይጾማል፤ ያስቀድሳል፤ ከሰው አይጣላም። በልቡም ሰውን ሁሉ ከራሴ አስቀድማለሁ ብሎ ያምን ነበር። አይደለም ብሎ ማን ነግሮት?

ይታይሽ ልጄ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግንቡ ጥግ ይዘሽኝ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «ሌላውን አስቀድሙ ተብሎ ተሰበከልን፤ አስቀደምኩ። ሰው ግን እውነት መስሎት ይወስደዋል። ይኼ ክርስትና ነው ወይስ ሞኝነት?» ነበር ያልሽኝ። ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። እዚያው መመለስ አቅቶኝ አይደለም፤ ዙሪያችን የቆመው ጆሮ ስለበዛ ነው የተውኩት። የባልሽ እህት አራስ ሆና ከገጠር መጣች። «የኛን መኝታ ቤት ውሰጂ» አልሻት፤ ወሰደችው። አንቺ ሳሎን ፍራሽ ላይ ከተኛሽ ሦስት ሳምንት ሆነሽ። «ሰው ላስቀድም ብዬ ተበላሁ» አልሽ። እንግዲህ ስሚ፤ እንደ ልማድሽ መሃል ላይ ሳታቋርጪኝ ስሚ።

ያ ሰው ባለበት አገር ጤፍ የሚታጨደው በወንፈል ነው። አሥራ ሁለት ቤት ይሰባሰባል፤ ዛሬ ሁሉም ያንዱን ማሳ ያጭዳል፤ ነገ ሁሉም የሌላውን። ስንተኛው ቀን ለማን እንደሚደርሰው በዕጣ ይለያል። ዕጣው አንዴ ከወጣ በኋላ የሚነካው የለም።

በዚያ ዓመት ለአያ ይቅደሙ አራተኛው ቀን ወጣለት። ደስ አለው፤ ደስታውን በነጠላው ሸፈነ። ምክንያት ነበረው፤ ጥር ላይ ልጁን ሊድር ነው። ማሳው ላይ የቆመው ጤፍ ነጭ ማኛ ነው፤ የሠርጉ እንጀራ ነው። በመንደሩ እንዲህ ያለ ነጭ እንጀራ በልቶ የሚያውቅ የለም እንዲባል ፈልጓል። ለዳሱም ብሎ ትልቅ አዲስ ሸራ ገዝቷል። በአጨዳው ቀን ዝናብ ድንገት ቢመጣ ነዶዬን እሸፍንበታለሁ ብሎ እሱኑ ሸራ ተሸክሞ ማሳው ድረስ ወጣ።

የመጨረሻው፣ አሥራ ሁለተኛው ቀን የወጣው ባሏ ለሞተባት ሴት ነበር። ማሳዋ ከሱ ማሳ ፊት ለፊት፣ ከጅረቱ ማዶ ነው፤ ያላትም መሬት እሱው ብቻ ነው። ልጆቿ አራት ናቸው። የባለፈው ዓመት እህሏ ሐምሌ ላይ አልቆባት ስለ ነበር፣ ቶሎ የሚደርሰውን፣ ቡኝኝ የሚባለውን ጤፍ ዘራች። እሱም ደረሰ፤ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ዕጣዋ ግን ከሁሉም በኋላ ሆነ። የደረሰ ጤፍ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ አይጠብቅሽም። ነፋስ ሲነካው ይረግፋል፤ ዝናብ ሲመታው ይተኛል፤ በረዶ ካገኘውማ አፈሩንና ጤፉን የሚለየው የለም።

ለምን አልተናገረችም ትይኝ ይሆናል። ዕጣ ነዋ። ደግሞ ባል የሌላት ሴት ስትናገር ተናገረች አይባልም፤ አለቀሰች ነው የሚባለው። ኩሩ ነበረች፤ ኩራቷን ደግሞ እወድላታለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ማሳ ላይ ጎንበስ ብላ አጨደች፤ ቀና ባለች ቁጥር ግን ዓይኗ ማዶ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጧት አሥራ ሁለቱም ቤት ማጭዱን ይዞ አያ ይቅደሙ ማሳ ዳር ተሰለፈ። ፀሐይ ወጥታለች። በስተምሥራቅ ግን ከተራራው ጀርባ አንድ ጥቁር ደመና አንገቱን ብቅ አድርጓል። ወሩ ኅዳር ነው። ሐምሌ ላይ ቢሆን የሚመረቅ ደመና፣ ኅዳር ላይ ሲመጣ ይረገማል።

በዚያ አገር አጨዳ የሚጀምር ሰው አማትቦ፣ ባርኮ፣ የመጀመሪያውን ጭብጥ ያጭዳል፤ ከሱ በፊት ማንም ማጭዱን አያነሣም። አያ ይቅደሙ የማሳው ጌታ ነው፤ በስመ አብ ብሎ ቢጀምር በቃ፣ ሁሉም ይከተለው ነበር። እሱ ግን ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣ ይጀምሩልኝ።»

«ባለቤቱ እያለ? ጀምር ልጄ።»

«እርስዎ ቆመው እኔ? አይሆንም።»

ቄሱ ወደ አንድ ሽማግሌ ዞሩ። «እንግዲያው እሳቸው ይጀምሩ፤ በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«ከካህን ፊት?» አሉ ሽማግሌው። «ሞቼ ልገኝ።»

«እርስዎ ከጀመሩ ይቀናናል» አለ አያ ይቅደሙ።

«አይ፣ ያንተ እጅ ይሻላል።»

«እንደሱ አይበሉ።»

እንዲህ እየተባባሉ ተራው አሥራ ሁለት ቤት ዞሮ ተመልሶ እሱው ጋ መጣ። ደመናው በዚያ መሃል ተራራውን ወጥቶ ጨርሷል።

ከመሃላቸው አንድ አፈኛ ሰው ነበር። ዝክር ላይ ማንም ሳይጎትተው ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ መሶብ ሲከፈት እጁ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ ነው። ሰዎች ሲያሙት ይሰማል፤ እየሰማ ይጎርሳል።

«ማን ይጀምር ስትባባሉ ደመናው ይጀምርላችኋል» አለ። «እኔ ልጀምር? እኔ እንደሁ ቀድሞ መግባት አያሳፍረኝም።»

ሰዉ ሳቀ። አፈኛው ግን አልሳቀም፤ በማጭዱ ጫፍ ወደ ማዶ ጠቆመ።

«ይልቅስ ያንን ታያላችሁ? የሷ ጤፍ የዛሬን ውሎ አያልፍም።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ ማዶ ዞሮ አየ። ጤፉ አልፎበታል። መልኩ ከቢጫነት ወደ አፈር ዞሯል፤ ግማሹ ወደ ጅረቱ አጋድሏል። ሴትዮዋ እግሯ ሥር ያለውን መሬት አየች።

«ዕጣዬ ነው» አለች። «እግዜር ያውቃል።»

ይኼኔ ማንም ሳይናገር የሰው ዓይን ሁሉ ወደ አያ ይቅደሙ ሄደ። የዛሬው ቀን የሱ ነዋ። ደግሞ ያገሩ ትሑት እሱ ነው። እሱም ዓይኑ ሁሉ ሲያርፍበት ተሰማው፤ ሞቀው። ደጀ ሰላሙ ላይ የሚመጣበት አመል እዚያም መጣበት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ አንገቱን ሰበረ።

«እህቴ፣ የኔ ቀን ላንቺ ይሁን» አለ። «አንቺ ቅደሚ።»

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በልቡ አሳምሮ ያውቀዋል። እሷ «ኧረ ምን ሲደረግ» ትላለች። እሱ «ግድ የለም፣ ቅደሚ» ይላል። እሷ ትምላለች። ቄሱ «ልጄ፣ ቃልህ በሰማይ ተጽፎልሃል፤ በል አሁን ማሳህን አሳጭድ» ይላሉ። ሽማግሌው ይመርቁታል። ከዚያ ማኛው ይታጨዳል፤ ማታ ደግሞ በየቤቱ «ሰማችሁ፣ ቀኑን ልሰጥ አለ» ይባላል። ሁለተኛዋ «ግድ የለም» ከንፈሩ ላይ ተዘጋጅታ ቆማለች።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። ፊቱን አየች፤ ደመናውን አየች።

«እሺ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ።»

መቀነቷን አጠበቀች፤ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ ጅረቱን ዘላ ተሻገረች።

ይታይሽ፣ ያንን ሰው ባየሽው። ያቺ የተዘጋጀች «ግድ የለም» አፉ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ሆነችበት፤ አይውጣት፣ አይተፋት። አፈኛው «ሰማችሁ አይደል» አለና ተከትሏት ዘለለ። ቄሱ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጎጡ። እኚያ «ሞቼ ልገኝ» ያሉት ሽማግሌ በትራቸውን ጥለው ውኃው ውስጥ ገቡ። አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲከተል፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ድረስ አሥራ አንዱም ማዶ ናቸው፤ ማጭዱም እየጮኸ ነው። ማን ይጀምር ያለ የለም። ማን እንደ ጀመረም እስከ ዛሬ አይታወቅም።

አያ ይቅደሙ የገዛ ማሳው ዳር ብቻውን ቀረ።

በዚህ መሃል ሚስቱ ደረሰች፤ በራሷ ላይ ድፎ ዳቦ፣ በእጇ በቅል ጠላ ይዛለች። ዙሪያዋን አየች።

«ሰዎቹስ?»

«ተሻገሩ።»

«ወዴት?»

«ማዶ። ቀኔን ሰጠኋት።»

«የልጅህን ሠርግ?»

«እምቢ ትላለች ብዬ ነዋ።»

ሚስቱ ዳቦዋን ራሷ ላይ አስተካከለች። ሃያ ስምንት ዓመት አብራው ኖራለች። በር ይዞ «ይቅደሙ» ሲል ከኋላው ዝናብ የሚደበድባትም እሷ ናት።

«እና እሺ አለች?»

«እሺ አለች።»

«ጎሽ» አለች ሚስቱ።

«ምን ጎሽ አለው?»

«ይኼ ዳቦ የተጋገረው ለአጫጅ ነው። አጫጁ ማዶ ከሆነ ዳቦውም ማዶ ነው።»

ዳቦዋን እንደ ተሸከመች፣ ቅሏን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ውኃውን እየለካች ተሻገረች። ዞራም አላየችው።

ተናደደ። ይናደድ እንጂ፤ ሰው ነው። ማጭዱን አንሥቶ የራሱን ማኛ ብቻውን ማጨድ ጀመረ። አንድ ጭብጥ፣ ሁለት ጭብጥ፣ አንድ ነዶ። እያጨደ ጆሮውን ወደ ማዶ ጣለ። አሁን አንዱ ይመጣል፤ «ኧረ አንተ እንዴት ትቀራለህ፣ ና እንጂ» ብሎ ክንዴን ይይዘኛል ብሎ ጠበቀ። ትንሽ እምቢ እላለሁ፤ ከዚያ እሄዳለሁ ብሎ አሰበ። ማንም አልመጣም። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሳለ የሚጎትተው እጅ አጣ።

ሰማዩ አጉረመረመ። ቀና አለ። ደመናው ፀሐይዋን ውጧታል፤ ከተራራው ግርጌ ያለው መንደር በነጭ መጋረጃ ተሸፍኖ አይታይም። እዚያ በረዶው እየወረደ ነው ማለት ነው። ወደነሱ እስኪደርስ ቢበዛ ውኃ ቀድቶ መመለሻ ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ ማዶ አንድ ነገር አየ። በወንፈል ሰው ሁሉ በረድፉ ላይ የራሱ ቦታ አለው፤ ሦስቱንም ቀን አያ ይቅደሙ ያጨደው በቀኝ ጫፍ ነበር። ማዶ ያለው ረድፍ ቀኝ ጫፉ ላይ ክፍት ነው። ረባዳው፣ ጭቃው፣ ጤፉ የተኛበት ጥግ ያ ነው። ያቺ ሴት የራሷን ቦታ ታጭድና ወደዚያ ትሮጣለች፤ እሱን ታጭድና ወደ ራሷ ትመለሳለች። የሱን ቦታ እሷ ነበረች የምታጭደው።

አንድ ቀዝቃዛ ጠብታ ማጅራቱ ላይ አረፈች።

ማኛውን አየ። ልጁን አሰበ። እግሩ ሥር የተቀመጠውን ሸራ አየ፤ ቢዘረጋው ያጨዳትን ያቺን ነዶና ከማሳው ጥቂቱን ያድንለታል። ያኔ በልቡ ምን እንዳለ አልነግርሽም፤ እሱም ራሱ አያውቀውም። ሸራውን ትከሻው ላይ ወረወረና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጅረቱ ውስጥ ገባ።

ማዶ ሲወጣ «ኖር» ያለው የለም። ቀና ያለም የለም። አፈኛው ብቻ ከጎነበሰበት ሆኖ፣ «ዘግይተሃል፤ ያንን ጥግ ያዝ» አለው።

ያዘው። ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሴትዮዋ ወደ ቦታው ልትሮጥ ስትል አየችውና እዚያው የራሷ ላይ ቀረች። ማጭዶቹ አብረው ይወርዱ፣ አብረው ይነሡ ጀመር። ነዶ የሚያስረው ያስራል፤ የሚሸከመው ይሸከማል። ሚስቱ ነጠላዋን ጥላ ከቄሱ ጋር ስትከምር ነበር። ጤፍ ከማሳ ተነሥቶ ወዲያው አይከመርም፤ የሷ ግን ቆሞ ደርቆ አልፎበት ስለ ነበር ከማጭዱ ወደ ክምሩ ሄደ። የመጨረሻው ነዶ ሲወረወርና የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ አንድ ሆነ። በረዶው ሽምብራ ያህል ነበር፤ ወዲያው ባቄላ አከለ።

«ሸራ» አለ አንዱ። «ሸራ የለም?»

አያ ይቅደሙ የሠርጉን ሸራ ክምሩ ላይ ወረወረው። ነፋሱ ሊነጥቀው ታገለ። አራት ሰው አራቱን ጫፍ ይዞ ተንጠለጠለ፤ መሃሉ ግን እንደ ፊኛ ይነፋል። ያን ጊዜ ራሱ ክምሩ ላይ ወጣና ሸራው መሃል ተቀመጠበት። ራሱን በሁለት ክንዱ ሸፈነ። በረዶው ጀርባውን ይወቅጠዋል። በክንዱ ሥር አሻግሮ ሲያይ የገዛ ማሳው ይታየዋል። ነጩ ማኛ አንዴ ጎነበሰ፤ አንዴ ቀና ሊል ሞከረ፤ ከዚያ ተኛ። አያ ይቅደሙ ከክምሩ አልወረደም።

በዚያ ቀን ከሰው ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ማንም አልጎተተውም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በሷ ዕጣ፣ ከማኛው የተረፈውን አጨዱለት። ሲሶ አይሞላም፤ እሱም ጭቃ የነካው ነበር። ጥር መጣ፤ ልጁን ዳረ። ነጭ ይሆናል የተባለው እንጀራ ማሽላ ገብቶበት ጠቆረ። ዳሱም በቅጠል ተሸፈነ፤ ሸራው በረዶ በስቶት ወንፊት ሆኗል። ከሩቅ አገር የመጡ ዘመዶች መሶቡን ገልጠው እርስ በርስ ተያዩ። «ይኼ ሰው ደኸየ እንዴ? ነው ወይስ ቆጠበ?» ተባባሉ። እየሰማ አሳለፈ። አንድ ቃል ቢናገር፣ ቀኔን ሰጥቼ ነው ቢል፣ እንግዳው ሁሉ ተነሥቶ ይመርቀው ነበር። አላለም። ጠላ እየቀዳ ዞረ።

ያቺ ሴት ለሠርጉ ሥራ ልታግዝ መጥታ ነበር። ከጓሮ እንጨት ሲፈልጥ አገኘችው።

«አያ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችው። «ያን ቀን እንድወስደው ብለህ እንዳልሰጠኸኝ አውቃለሁ።»

መጥረቢያውን አወረደ። «ካወቅሽ ለምን እሺ አልሽ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ 'ኧረ ምን ሲደረግ' ስል ነዋ የኖርኩት። ልጆቼ እሱን አይበሉት።»

ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ከዚያ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ አስደገፈ።

«እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «ማሳዬ ዳር ቆሜ 'ቅደሚ' ስልሽ ምንም አልሰጠሁሽም። የሰጠሁሽ ጅረቱን ስሻገር ነው።»

አሁንም ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ «ይቅደሙ» ይላል አሉ። ዝናብ ሲሆን ግን ዘው ብሎ ይገባል፤ ከኋላው ያለው ሰው እንዳይበሰብስ።

እንግዲህ ይታይሽ፣ አንቺም ያለሽው እዚያው ማሳሽ ዳር ነው። «መኝታ ቤቱን ውሰጂ» ስትያት እምቢ ትላለች ብለሽ ነበር፤ እኔ አሮጊቷ አላውቅሽም? እሷ «ኧረ ምን ሲደረግ» ትላለች፤ አንቺ ሁለተኛ ትያታለሽ፤ ባልሽ ይሰማል፤ አማትሽ ጋ ይደርሳል፤ አልጋሽም አይነካም። እሷ ግን አራስ ናት። ወገቧ አልጠናም፤ ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታው ትፈራለች። ዕጣዋ መጨረሻ የወጣባት እሷ ናት። እሺ አለች። ተበላሁ ያልሽው ይኼንን ነው? የበላሽ የለም። ቃልሽን አመነችሽ እንጂ። እኔ በሷ ቦታ ብሆን አላምንሽም ነበር።

ሦስት ሳምንት የደከመሽ መሬቱ ጎርብጦሽ አይመስለኝም። በየማታው ክንድሽን ይዞ ወደ አልጋሽ የሚመልስሽ ሰው ስትጠብቂ ነው የደከመሽ። አይመጣም ልጄ። ክርስትና ነው ወይስ ሞኝነት ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ ያንቺ እስካሁን ሁለቱንም አልሆነም። ገና ሰው አላስቀደምሽማ። ሰው አይቶ እንደሚመልስልሽ እያወቅሽ መስጠት ጨዋነት ነው፤ ደግ ነው፤ አትተዪው። ሰውን ማስቀደም የሚጀምረው ግን የሚመልስልሽ በሌለበት ነው። ከዚያም ቆሞ ማየት ብቻ አይደለም፤ ተሻግረሽ ጥግሽን መያዝ አለብሽ።

ደግሞ አንድ ነገር አይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አራሷን ልጠይቅ የመጣሁ ቀን፣ ያ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ሳሎን ፍራሽሽ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። እሷ ስሱን ደርባ ተኝታለች። አልጋውን ሰጠሽ፤ ሙቀቱን ይዘሽ ወጣሽ። አታፍጪብኝ፤ ዓይኔ ገና አልደከመም።

ዛሬ ፀሐይ ሳለ አውጥተሽ አናፍሺው። ከዚያ ይዘሽላት ግቢና አልጋዋ ላይ ዘርጊላት። «አንቺስ ምን ትለብሻለሽ?» እስክትልሽ ድረስ ግን በሩ ላይ አትቁሚ። ሕፃኑን ተቀበያትና እሷ ትተኛ።